በችኮላ የተበላ እንጀራ

(ይህ ትምህርት በእሁድ ጠዋት አምልኮ ላይ ከቀረበው ስብከት ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ ነው። በቤት ለቤት ኅብረት እንድትወያዩበት መጨረሻው ላይ ጥያቄዎች ተጨምረዋል።)

የመልእክቱ ክፍሎች፦ ዘፍጥረት 25፥29-34፤ ዘጸአት 12፥11፤ መዝሙር 127፥2-3፤ 1ኛ ነገሥት 19፥4-8

 

ዛሬ ስለ መብላት ነው የምናገረው። አንዳንዶቻችሁ “ፓስተር ስለ ጾም ሊያስተምር ነው” ብላችሁ ይሆናል። አይደለም። ስለ ጾም ብዙ ተምረናል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ስላልጾምንበት ቀን ግን ማንም አላስተማረንም። በዓመት ውስጥ ከምንጾመው ቀን የምንበላበት ቀን ይበልጣል፤ ታዲያ ለዚያ ትምህርት አያስፈልግም?

ከራሴ ልጀምር። ባለፈው ዓመት ለዓመታዊ ምርመራ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ኤ ዋን ሲ የሚሉት የደም ስኳር ምርመራ ውጤቴ 6.1 ሆኖ ተገኘ። ብዙዎቻችሁ ይህን ቁጥር ታውቁታላችሁ። ከ5.7 በታች ደህና ነው፤ ከ5.7 እስከ 6.4 የስኳር በሽታ ዋዜማ ነው፤ 6.5 እና ከዚያ በላይ የስኳር በሽታ ነው። ዶክተሯ ኮምፒውተሯን እያየች “ትናንት ማታ ምን በሉ?” ብላ ጠየቀችኝ። ዝም አልኩ። እሁድ የሰበክኩትን ሦስት ነጥብ ከነጥቅሱ ብትጠይቀኝ እነግራት ነበር። ማታ የበላሁት ግን ሊታወሰኝ አልቻለም። ስልኬን እያየሁ፣ ለአንድ ወንድም መልእክት እየመለስኩ ነበር የበላሁት።

ቤት ገብቼ ባለቤቴን ጠየቅኳት። “ዶሮ ነበር” አለችኝ። ዶሮ ወጥ! ሽንኩርቱን ልጣ፣ ከትፋ፣ አቁላልታ፣ ከሥራ መልስ ሦስት ሰዓት ሙሉ የቆመችበት ዶሮ ወጥ። እኔ ምናልባት በሰባት ደቂቃ ጨረስኩት፤ ከዚያም ረሳሁት። ሌላ ምንም አልተናገረችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ይህ መልእክት ከዚያ ቀን የጀመረ ነው።

1. ኤሳው የበላው እንዴት ነበር?

ዘፍጥረት 25ን ክፈቱ። ኤሳው ከዱር ደክሞ መጣ። ያዕቆብ ወጥ ሠርቷል። ምን ዓይነት ወጥ? ቁጥር 34 ምስር እንደሆነ ይነግረናል። ቀይ ምስር ወጥ፣ ከእኛ ሰፈር ምግብ ነው! ኤሳው ወንድሙን ሲለምን የተጠቀመበት የዕብራይስጥ ቃል “ሀልዒጤኒ” የሚል ነው። ይህ ግስ በብሉይ ኪዳን ውስጥ እዚህ ቦታ ላይ ብቻ ነው የሚገኘው። በኋላ ዘመን በተጻፉ የአይሁድ ጽሑፎች ከብትን በአፉ እህል እየከተቱ ለማብላት ይጠቀሙበት ነበር። ስለዚህ ኤሳው “አጉርሰኝ” እያለ አይደለም። ጉርሻ ፍቅር ነው። ኤሳው የሚለው “ጉሮሮዬ ውስጥ ገልብጥልኝ” ነው።

ደግሞ ቁጥር 34ን በጥሞና ተመልከቱ። ግሦቹ ይሮጣሉ። በላ፣ ጠጣ፣ ተነሣ፣ ሄደ። አራት ግሥ፣ በመካከላቸው ትንፋሽ የለም። ምስጋና የለም። ወንድሙን ቀና ብሎ ያየበት ጊዜ የለም። አምስተኛው ግሥ ምንድን ነው? ብኩርናውን ናቀ።

ወገኖቼ፣ እግዚአብሔር ኤሳውን ስለ ራበው አልወቀሰውም። ረሃብ ኃጢአት አይደለም። ችግሩ ኤሳው ሲበላ በምን እየለወጠ እንደሆነ አለማየቱ ነው። በዕብራውያን 12፥16 ላይ የሚጠቀሰውም በዚህ ነው፤ ለአንድ ጊዜ መብል ብሎ የማይተካውን ሰጠ። እኛስ ለዚያች ሰባት ደቂቃ ምን እየሰጠን ነው? አንዳንዶቻችን ጤናችንን። አንዳንዶቻችን ከልጆቻችን ጋር የምንቀመጥበትን አንዷን ሰዓት።

2. በችኮላ እንዲበላ የታዘዘበት ሌሊት

“ፓስተር፣ መጽሐፍ ቅዱስ በችኮላ ብሉ ይላል እኮ” የሚል ሰው ካለ እውነቱን ነው። ዘጸአት 12፥11 ላይ እስራኤላውያን የፋሲካውን በግ ወገባቸውን ታጥቀው፣ ጫማቸውን አድርገው፣ በትራቸውን ይዘው፣ ፈጥነው እንዲበሉ ታዝዘዋል። ግን መቼ ነበር? ከባርነት በሚወጡበት ሌሊት። ፈርዖን ከኋላቸው ነበር።

ከብዙ ዘመን በኋላ አይሁድ ፋሲካን ሲያከብሩ ቆመው መብላታቸውን ተዉ። ጋደም ብለው፣ ተደግፈው መብላት ጀመሩ። ለምን? በዚያ ዘመን ተደግፎ የሚበላ ነጻ ሰው ነው፤ ባሪያ ቆሞ ነው የሚበላው። ጌታ ኢየሱስም ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ያን የመጨረሻ እራት የበላው በማዕድ ተቀምጦ ነው፤ የግሪኩ ቃል ጋደም ብሎ መቀመጥን ያመለክታል። መስቀሉ ጥቂት ሰዓታት ነበር የቀረው፤ እርሱ ግን አልቸኮለም።

በፈቃዷ የምነግራችሁ አንድ ነገር አለ። በመካከላችን ያለች አንዲት እህት በዓረብ አገር በሰው ቤት ብዙ ዓመት ሠርታለች። ቤተ ሰቡ በልቶ ሲጨርስ ወጥ ቤት ቆማ፣ እየተጠራች፣ ያገኘችውን ትጎርስ ነበር። እዚህ ከመጣች በኋላ ምን አለችኝ መሰላችሁ? “ፓስተር፣ አራት ዓመቴ ነው። ማንም አይጠራኝም። ግን እስካሁን ተቀምጬ መብላት አልቻልኩም። ከምድጃው አጠገብ ቆሜ ነው የምበላው።” ከግብፅ ወጥታለች፤ የግብፅ አበላል ግን አልወጣላትም።

እርሷ ብቻ ናት? ሁለት ሥራ የምንሠራ፣ ሌሊት ነርሲንግ ሆም አድረን ቀን ልጅ የምናደርስ፣ ታክሲና ኡበር እየነዳን መሪው ላይ የምንበላ ስንቶቻችን ነን? መዝሙር 127፥2ን እዩ፤ በአንዳንዶቻችሁ መጽሐፍ ቅዱስ 126 ሊሆን ይችላል። በማለዳ ተነሥቶ፣ አምሽቶ ተቀምጦ፣ በድካም የተገኘ እንጀራ መብላት ከንቱ እንደሆነ ይናገራል። ከእርሱ የሚቀጥለው ቁጥር 3 ስለምንድን ነው? ስለ ልጆች። በጭንቀት የሚበላው እንጀራና ልጆች የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸው ጎን ለጎን ተጻፉ። ለልጆቻችን ብለን እንሮጣለን፤ ከልጆቻችን ጋር ግን አንበላም።

3. ሰውነታችን ለምን ተቀምጠን እንድንበላ ተፈጠረ?

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን እግዚአብሔር ያበጀውን ነገር ማወቅ ለምስጋና ይረዳል።

መጀመሪያ፣ ምግብ መፍጨት የሚጀምረው ሆድ ውስጥ አይደለም። ኢቫን ፓቭሎቭ የሚባለውን የሩሲያ ሳይንቲስት በውሻውና በደወሉ ታውቁታላችሁ። በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ግን ስለ ምግብ መፈጨት ባደረገው ምርምር ነው። ምግቡ ጨጓራ ከመድረሱ በፊት፣ ገና ሲታይ፣ ሲሸት፣ ሲቀመስ የጨጓራ ፈሳሽ መፍሰስ እንደሚጀምር አሳይቷል። ወጡ ሲንተከተክ ሽታው ሲመጣ ምራቃችሁ ይሞላል አይደል? ሰውነት “እንግዳ እየመጣ ነው፣ ቤቱን አዘጋጁ” እያለ ነው። ዓይናችን ስልክ ላይ፣ ሐሳባችን ሥራ ላይ ሲሆን ግን እንግዳው በሩን ሳያንኳኳ ገባ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ጨጓራ ጥርስ የለውም። ምራቃችን ውስጥ አሚሌዝ የሚባል ነገር አለ፤ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳርነት መሰባበር የሚጀምረው እርሱ ነው። ቤታችሁ ሞክሩት፤ ቁራሽ ዳቦ አፋችሁ ውስጥ ይዛችሁ አንድ ደቂቃ ያህል አላምጡት፣ መጣፈጥ ይጀምራል። በሁለት ማኘክ የምንውጠው ሁሉ ለጨጓራ የተላለፈ ያላለቀ ሥራ ነው። ደግሞ በፍጥነት ስንበላ ብዙ አየር አብረን እንውጣለን። የሚነፋን፣ የሚያገሳን አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሦስተኛ፣ ጥጋብ ቀስ ብሎ የሚመጣ መልእክተኛ ነው። ምግቡ ጨጓራንና አንጀትን ሲነካ ነርቮችና ሆርሞኖች ወደ አንጎል “በቃ” የሚል መልእክት ይልካሉ። መልእክቱ በሚገባ እስኪደርስ 20 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። በሰባት ደቂቃ የጨረሰ ሰው መልእክተኛው ሳይደርስ ሁለተኛ ሰሃን ጨምሯል። ከዚያ ቀበቶ መፍታት ነው!

አራተኛ፣ ጭንቀት። ሰው ሲደነግጥ ወይም ሲቸኩል ሰውነቱ ለመሮጥ ይዘጋጃል፤ ደም ወደ ጡንቻ ይሄዳል፣ የሆድ ሥራ ይቀንሳል። ሲረጋጋ ደግሞ ከአንጎል እስከ አንጀት የሚወርደው ቬገስ የሚባል ነርቭ የሆድን ሥራ ያነቃቃል። አንድ ሰውነት በአንድ ጊዜ እየሸሸም እየተመገበም መሆን ይከብደዋል። ምሳሌ 17፥1 ከጠብ ጋር ካለ ግብዣ ከሰላም ጋር ያለ ደረቅ ቁራሽ እንደሚሻል ሲናገር ለነፍስም ለጨጓራም ነው የተናገረው።

ይህ ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1991 ወደ እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችን እንደ ደረሱ ሲመረመሩ የስኳር በሽታ ያለባቸው እጅግ ጥቂት ነበሩ። ዓመታት ሲያልፉ፣ ምግቡና ኑሮው ሲለወጥ ግን በሽታው በእነርሱ ዘንድ በጣም ጨመረ። ምክንያቱ አበላል ብቻ ነው አልልም፤ የምንበላው ነገርና የምንቀመጥበት ሰዓትም ተለውጧል። ግን ከአገራችን ስንወጣ ሻንጣችን ውስጥ በርበሬና ሽሮ ይዘን መጣን፤ መሶቡን ትተን መጣን። እጅ የሚያስታጥበው ልጅ፣ ሽማግሌው እስኪመርቅ መጠበቅ፣ አንዱ አንዱን ማጉረስ፣ ከዚያ በኋላ ቡናው እስኪፈላ መጨዋወት፣ ይህ ሁሉ ሰውን ቀስ የሚያደርግ ነበር።

4. መልአኩ ኤልያስን ሁለት ጊዜ አበላው

1ኛ ነገሥት 19። ነቢዩ ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ ከክትክታው ዛፍ በታች ተቀመጠ፤ መሞት ተመኘ። እግዚአብሔር ምን አደረገለት? በመጀመሪያ አልሰበከለትም። እንዲተኛ ተወው። ከዚያ መልአክ ዳሰሰው፤ በፍም የተጋገረ እንጎቻና አንድ ማሰሮ ውኃ ራሱ አጠገብ ነበር። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ “ተነሥ፣ መንገድ አለብህ” ብሎ አላጣደፈውም። ቆይቶ ሁለተኛ ጊዜ መጣ፤ ዳግመኛ እንዲበላ ነገረው፣ ምክንያቱንም ነገረው፤ የሚሄድበት መንገድ ሩቅ ነበር። በዚያ ምግብ ኃይል 40 ቀንና 40 ሌሊት ሄደ።

ወገኖች፣ ብዙዎቻችን “መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ለመብላት ጊዜ የለኝም” እንላለን። እግዚአብሔር ደግሞ “መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ብላ” ይላል።

በሉቃስ 24 ኤማሁስ ላይም ደቀ መዛሙርቱ መንገድ ሙሉ ቃሉን ሰምተዋል፤ ልባቸውም ተቃጥሏል። ዓይናቸው የተከፈተው ግን እንጀራውን ባርኮ ሲቆርስ ነው። ያን ማታ ስልክ ቢኖራቸውና አንገታቸውን ደፍተው ቢሆንስ?

5. “ይህ የቡድሂዝም ትምህርት አይደለም ወይ?”

አንድ ወጣት ይህን ጠይቆኛል፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። በዚህ አገር “ማይንድፉል ኢቲንግ” የሚባለው ነገር ከቡድሂስት ልምምድ ጋር ግንኙነት አለው። ጆን ካባት ዚን የተባለው ሰው እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ በጀመረው የጭንቀት ማስታገሻ ትምህርት ሰዎችን አንዲት ዘቢብ ቀስ ብለው እንዲበሉ ያስለምዳል። ከየት እንደመጣ ማወቅ ተገቢ ነው።

እኛ ግን ቀስ ብሎ መብላትን ከማንም አልተዋስንም። ዘዳግም 8፥10 በልተህ ስትጠግብ አምላክህን ባርክ ይላል መልእክቱ፤ የበላውን የማያስታውስ ሰው ስለምን ይባርካል? ልዩነቱ ይህ ነው፦ እኛ ለምግቡ ትኩረት የምንሰጠው ምግቡ ላይ ለመቅረት አይደለም፤ ወደ ሰጪው ለመሻገር ነው። የምናስተውለው ለማመስገን ነው። በ1ኛ ቆሮንቶስ 10፥31 ጳውሎስ መብላትና መጠጣትን ለእግዚአብሔር ክብር ከሚደረጉት ነገሮች መካከል ሲያስቀምጥ ይህን ማለቱ ነው።

6. እንግዲህ ምን እናድርግ?

ተቀመጡ። ሹፌር ከሆናችሁ መኪናውን አቁሙ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ ስልኩን የኋላ ወንበር ላይ አድርጉት። 15 ደቂቃ ብቻ። አንድ ጉዞ ያመልጣችኋል፤ ያመልጣችሁ።

ጸሎታችሁን አታሳጥሩ። “ጌታ ሆይ ባርከው፣ አሜን” ብለን እጃችን አስቀድሞ ወጡ ውስጥ ነው። ዓይናችሁን ከፍታችሁ ምግቡን እዩ፤ የሠራውን ሰው በስም ጠርታችሁ አመስግኑ። ብቻችሁን የምትኖሩ ከሆነ ደግሞ ለራሳችሁ ስላበሰላችሁበት ጉልበት አመስግኑ።

የመጀመሪያውን ጉርሻ ሳትውጡ ሁለተኛውን አትጠቅልሉ። ቀላል ይመስላል፤ ዛሬ ምሳ ላይ ሞክሩት።

ከመጨመራችሁ በፊት ጥቂት ቆዩ። እዚህ ላይ እናቶቼንና እህቶቼን እለምናለሁ፤ “በሞቴ”፣ “አፈር ስሆን” እያላችሁ እንግዳውን አታጣድፉት። ፍቅራችሁን እናውቃለን። መልእክተኛው እስኪደርስ 20 ደቂቃ ስጡት።

በልታችሁ ወዲያው አትተኙ። ቃር የሚያስቸግራችሁ ከመተኛታችሁ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት በፊት ብሉ። ከምግብ በኋላ 10 ወይም 15 ደቂቃ በእግር መሄድ የደም ስኳርን ለማውረድ ይረዳል።

በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ፣ ቤተ ሰቡ በአንድ ማዕድ ይብላ። ስልኮች በቅርጫት ውስጥ ይግቡ፤ የአባትም ስልክ ጭምር። “ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል” ይሉ ነበር አባቶቻችን። ብቻውን የሚበላ ወንድም ካወቃችሁ ጥሩት።

አሁን ሁለት ማስጠንቀቂያ። ቀስ ብሎ መብላት መድኃኒት አይተካም። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስዱ “ፓስተር እንዲህ አለ” ብላችሁ እንዳታቆሙ። በተለይ ኢንሱሊን የምትወስዱ ወገኖች ጾም ጸሎት ስናውጅ አስቀድማችሁ ሐኪማችሁን አማክሩ፤ ስኳር በጣም መውረድ አደገኛ ነው፤ አለመጾማችሁ እምነት ማጣት አይደለም። “ጨጓራ አለብኝ” እያላችሁ ዓመታት የምትሰቃዩም ተመርመሩ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ በአገራችን እጅግ የተስፋፋ ባክቴሪያ ነው፤ በማኘክ አይሞትም፤ በታዘዘ አንቲባዮቲክ ግን ይድናል። ለመዋጥ የሚያስቸግራችሁ፣ ሰገራችሁ የጠቆረ ወይም ደም ያለበት፣ ያለ ምክንያት የከሳችሁ ሳትዘገዩ ሂዱ።

የእኔን ነገር ልጨርስ። ከስምንት ወር በኋላ ስመረመር 5.8 ሆነ። ለስላሳ መጠጥ ትቻለሁ፣ ማታ ማታ እሄዳለሁ፤ ስለዚህ ሁሉንም ለአበላሌ አልሰጥም። ገናም ዋዜማው ላይ ነኝ። ግን ትናንት ማታ ምን እንደበላሁ ጠይቁኝ፦ ጎመንና አይብ። ልጄ ስለ አስተማሪዋ እየነገረችን ነበር። ባለቤቴ ሳቀች።

ያቺ እህታችንስ? ከጥቂት ሳምንት በፊት ትንሽ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ገዛች። “ሁለተኛው ወንበር ለማን ነው?” ብላት “ለሚመጣው” አለችኝ። እግዚአብሔር ይባርካት።

ለውይይት

1. ትናንት ማታ ምን በላችሁ? ከማን ጋር? ማን ሠራው?
2. ኤሳው በችኮላው ያላየው ነገር ምን ነበር? እናንተስ?
3. ኤልያስ በደከመ ጊዜ እግዚአብሔር ከቃል በፊት እንቅልፍና ምግብ የሰጠው ለምን ይመስላችኋል?
4. በዚህ ሳምንት ማንን ወደ ማዕዳችሁ ትጠራላችሁ?

እንጸልይ። አባት ሆይ፣ የሰጠኸንን ሳናይ ስለዋጥነው ይቅር በለን። በሥራ ብዛት የደከሙትን አሳርፋቸው፤ ቆመው የሚበሉትን አስቀምጣቸው፤ ብቻቸውን የሚበሉትን ከወገን ጋር አገናኛቸው። በየቤታችን ማዕድ ላይ ተገኝልን፣ ዓይናችንንም ክፈት። በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ ስም። አሜን።

ምሳ ከታች ተዘጋጅቷል። ቀስ ብላችሁ ብሉ። ተባረኩ።